መድረክ የሌለው በዓል፦ ወለጋ በመስከረምና በጥቅምት

ለሙዚቃና ለጥበብ ብሎ አገር አቋርጦ መሄድ እኛ ዘንድ ገና እንደ ቅንጦት ይታያል። ሰው ስለት ይዞ ቁልቢ ይወርዳል፣ ለንግሥ ግሸን ይወጣል፣ ለዘመድ ሰርግ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል፤ ዘፈን ለመስማት ብሎ ግን ሻንጣ አያነሣም። በሌላው ዓለም ነገሩ የተለመደ ነው። አየርላንድ ውስጥ ዌክስፎርድ የምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ፣ ከእ.ኤ.አ. 1951 ጀምሮ የበጋው ጎብኚ ከተበተነ በኋላ የኦፔራ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። የጀመሩት ቶም ዋልሽ የተባሉ የከተማው ሐኪምና ጓደኞቻቸው ናቸው። ሰው በዚያ ብርድ ወደዚያ የሚጎርፈው ታላላቆቹ ኦፔራ ቤቶች የረሷቸው ሥራዎች እዚያ ስለሚሰሙ ነው። ለጉዞ የሚሆን መለኪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፦ ወደ ቤታችን ሊመጣ የሚችለውን እቤታችን እንስማው፤ መንገድ የሚገባው ሊመጣ ለማይችለው ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ፣ ከእሷም ወዲያ ያሉት ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ፣ እንዲሁም ሻምቡ በመስከረምና በጥቅምት ሊታዩ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። ፌስቲቫል የሚባል ነገር አላቸው ማለቴ አይደለም። ያላቸው ከሥራው፣ ከቦታውና ከቀኑ ገና ያልተነጠለ ዘፈን ነው።

ኦሮምኛ ተናጋሪው ይህን ወቅት ቢራ ይለዋል። ጭጋጉ ይገፈፋል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ኑጉ ማሳውን ቢጫ ያለብሰዋል። በመስከረም 16 ማታ ሌላው አገር ደመራ በሚለው ሰዓት ወለጋ ጉባ ይላል። በከተማ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ በገጠሩ ግን ጉባው የመንደርና የደጅ ጉዳይ ነው። ልጆች የደረቀ እንጨት አስረው ችቦ ያበራሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል። በማግስቱ መስቀል ነው። ከዚያ የእሬቻ ቀን ይመጣል፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ መልካው፣ ማለትም ወደ ወንዙ ዳር፣ ይወርዳል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ሣሩ ውኃ እየነካ ይረጫል፣ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ፣ ለዋቃ፣ ምስጋና ይቀርባል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ በቆሎው ይደርሳል፣ በምዕራቡ በኩል የቡናው ፍሬ መቅላት ይጀምራል፣ ደቦ ይጠራል። ደቦ ያለ ዘፈን አይሄድም፤ የእጁን ፍጥነት የሚያስተካክለው የአውጪው ድምፅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይነጣጠለው አንጮቴ ነው። አንጮቴ ሐረግ ነው፤ የሚበላው ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ሲሆን፣ በወለጋ የመስቀል ገበታ ያለ እሱ ጎደሎ ነው። አዘገጃጀቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥሩ አፈሩ እስኪለቅ በደንብ ይታጠባል፣ እንደ ድንች ተልጦ ሳይሆን ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ከበሰለ በኋላ ትኩሱን ይላጣል፣ ከዚያ ተከትፎ ወይም ተደልዞ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። አጠገቡ አይብ ይቀመጣል። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል የሚል እምነት አለ፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን ምርመራዎች ስለሚያሳዩ እምነቱ ከባዶ የመነጨ አይመስልም። ጩምቦም አለ፣ በእርጎና በቅቤ የሚርሰው ትልቁ የጤፍ ቂጣ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ምግቡን ያነሣሁት አፍ ለማስመጠጥ አይደለም። እነዚህ ዘፈኖች የሚዘፈኑት ሰው ጠግቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሥሩ ከማሳ በወጣበት ሳምንት ነው። ቀኑን የወሰነው የኮሚቴ ስብሰባ ሳይሆን መሬቱ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም።

ይህን የሚያሳይ የቆየ ማስረጃ አለን። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ ሰዎች፣ ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ሚሲዮን ሳሉ በኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 አሳተሙ። በውስጡ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን አለ፤ አብዛኛው ከአስቴር ትዝታ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጡ፤ ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፉትም እዚያው ነው። ያቺ ሴት ከቀይ ባሕር ዳር ሆና ያን ያህል ቃል ከአእምሮዋ መመለሷ ዛሬም ያስደንቃል። ግን ወረቀቱ የያዘው ቃሉን ነው። ማን ለማን እንደሚዘፍነው፣ ተቀባዩ የት ላይ እንደሚገባ፣ ዘፋኙ ቆሞ ነው ወይስ እየተንጎራደደ የሚለው ከገጹ ውጭ ቀርቷል። ጌረርሳን ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ጌረርሳ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ ድሮ አዳኙና ጦረኛው የጣለውን እየቆጠረ ይፎክርበት ነበር፣ ኋላ ድህነትም፣ ግፍም፣ ስደትም ገባበት። ሰሚው ካልመለሰለት ግን ዘፋኙ መንገዱን ይስታል። በስልክ የተቀዳ ጌረርሳ ተመልካቹ የተቆረጠበት ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፦ ይህ እምነት እንጂ ጥበብ አይደለም፣ የሰውን ጸሎት ለመዝናኛ መመልከት ነውር ነው ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። የመስቀል በዓል በ2006፣ የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር የሆነው የገዳ ሥርዓት ደግሞ በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገቡ የተመዘገበው ትርዒት ሳይሆን የማኅበረሰብ ሕይወት ነው። በወለጋም ሁሉም ሰው ወደ መልካ አይወርድም፤ ብዙ ወንጌላውያን ከእሬቻ ይቀራሉ፣ የአካባቢው ሙዚቃ ሌላው ትልቅ ጅረት ደግሞ የመካነ ኢየሱስ መዘምራን ናቸው። ይሁን እንጂ እምነትና ጥበብ ይለያሉ የሚለው ሐሳብ እኛ አገር መቼ ሠርቶ ያውቃል? ላሊበላ ለገና የሚሄድ ሰው ወረቡን የሚሰማው ጸሎት ስለሆነ ነው፣ ዜማ ስለሆነም ነው። ነውሩ መምጣቱ ላይ ሳይሆን አመጣጡ ላይ ነው። ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ሣሩን ይይዛል፣ ሲዘፈን ይቀበላል፤ ካሜራ ደግኖ በሽማግሌው ፊት የሚቆመው ነው ያስቸገረው።

ሌላው ደግሞ እሬቻ ከተፈለገ ቢሾፍቱ፣ ሆረ አርሰዲ ቅርብ አይደለም ወይ ይላል። ቅርብ ነው፤ ግዝፈቱም ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ያን ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ጆሮ የሚደርሰው የድምፅ ማጉያው ነው። ፖለቲካውም አብሮ ይመጣል፤ መስከረም 22 ቀን 2009 እዚያ ሐይቅ ዳር የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ቀን የሚረሳ አይደለም። በወለጋ ወንዝ ዳር አንዲት እናት ስታወጣ ድምፅዋ ከነመንቀጥቀጡ ይሰማል። በሆሮ ጉዱሩ ባለው የኦዳ ቡሉቅ ዛፍ ሥር ስለ ገዳ የሚነገረው ነገር፣ ቦታው ራሱ የጨፌ፣ ማለትም የገዳ ጉባኤ፣ ስፍራ በመሆኑ ሌላ ክብደት አለው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሰላም ጉዳይ ነው፤ እሱን በብልሃት ማለፍ አይገባም። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያደቀቀው አገር ነው። ሰላማዊ ሰዎች በገፍ ተገድለዋል፣ ብዙዎች ተፈናቅለዋል፣ መንገድ ተዘግቷል፤ በመንግሥትና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ የተደረጉት ንግግሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። ጎብኚ ሊሄድ የማይገባበት መስከረም አለ ማለት ነው፣ ይህንንም የሚያውቀው የጉዞ ወኪል ሳይሆን እዚያው ያለ ዘመድ ነው። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ወለጋን ከካርታ መፋቅ፣ በጭንቅ መሀል ችቦውን ያበራውን ሰው ሁለተኛ መበደል ይሆናል። አስፓልቱ ላይ ያሉት ከተሞችና ገጠሩ አንድ አይደሉም፤ ያንዱ ሳምንት ወሬም ለሌላው አይሠራም።

ታዲያ ከተማዎቹ ለምን መድረክ ሠርተው፣ ትኬት ቆርጠው እንደ ዌክስፎርድ አይሆኑም? መድረኩን ሞክረነዋል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ጎበዝ ሙዚቀኞችን አፍርተዋል፤ ያንኑ ያህል የየብሔረሰቡን ዘፈን ለደቂቃዎች ቆርጠው፣ አንድ ዓይነት ልብስ አልብሰው፣ ተቀባዩን ሕዝብ አጨብጫቢ አድርገውታል። ከዌክስፎርድ ልንወስደው የሚገባው የአዳራሹን ሐሳብ አይደለም፤ የከተማው ሰው እንግዳ ለመቀበል አስቀድሞ መደራጀቱን ነው። በነቀምቴ የኩምሣ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ፣ የወለጋ ሙዚየም አለ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ በበዓሉ ሳምንት በራቸውን ከፍተው ቢያድሩ፣ ዩኒቨርሲቲው የእሬቻው ቀን የት መልካ መቼ እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ቢያወጣ፣ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች ቢመዘገቡ ወጪው ከአንድ መድረክ ኪራይ አይበልጥም።

እስከዚያው ድረስ ጉዞው በዝምድና የሚሄድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስብ ሰው የሚያውቀውን የወለጋ ልጅ ነሐሴ ላይ ይጠይቅ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ መስከረም 15 ነቀምቴ ይግባ፣ ጉባውን ከቤተሰብ ጋር ያምሽ፣ መስቀልን ይዋል፣ ለእሬቻው ይቆይ። ጊዜ ከተረፈው ወደ ጊምቢ ይቀጥል። ካፖርትና ቦቲ ይያዝ፤ ወለጋ ውስጥ ዝናቡ መስከረም ስለጠባ ብቻ አያቆምም።