ጎዳና ላይ «የማን ልጅ ነህ?»

በካናዳ ከተሞች ቤት አጥተው ጎዳና ከሚያድሩት መካከል የአገሬው ነባር ሕዝቦች ከሕዝብ ድርሻቸው በላይ ይበዛሉ። ምክንያቱ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ከ150,000 በላይ ልጆቻቸው ከወላጅ ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ በቋንቋቸው እንዳይናገሩም ተከልክለዋል።

ራሳቸው ለዓመታት ጎዳና ላይ የኖሩት የሜቲስና የክሪ ተወላጅ ምሁር ጄሲ ቲስል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ለነባሮቹ ቤት ማጣት ማለት ከዘመድ፣ ከመሬትና ከቋንቋ መቆረጥም እንደሆነ አስረድተዋል።

ስለዚህ ጎዳናን ኖሮ የሚያውቅ ወገን ለአቻው ድጋፍ ሲሰጥ፣ ቅጽ ከማስሞላቱ በፊት አጠገቡ ተቀምጦ ያወጋዋል። መታወቂያ ለማውጣትና ለቤት ለማመልከት አብሮት ይሄዳል፤ ወገኑን የማያውቀውንም ከሽማግሌዎች ያገናኘዋል።

እኛ ዘንድ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል። ቀላል የሚመስለን ስላልተነጠቅን ነው።