ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ

«ሁለተኛ ዲግሪ» ስንል ማስተርስ ማለታችን ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ጎበሳ ከተማ ቤተሰቡ ቤት የተቀመጠ ልጅ «አካውንቲንግ ልማር» ሲል ግን የሚፈልገው ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ነገሩ ደህና ስም ስላልወጣለት ደረጃ መውረድ ይመስላል፤ «ተመርቀህ የለም እንዴ?» የሚለው ዘመድም አይጠፋም። ነውር የለበትም። ልጁ አስቀድሞ መለየት ያለበት የጎደለው ዲግሪ ነው ወይስ ሥራ የሚለውን ነው።

ሥራ ከሆነ አጭር መንገድ ሊኖር ይችላል። በባዮሎጂ ወይም በሒሳብ ተመርቆ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ለሚሻ ሰው በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ አለ፤ «ፒጂዲቲ» የሚሉት ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት በ13 ተቋማት የከፈተው የሕክምና ትምህርትም በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ነበር። የፊተኛው ዲግሪ እዚያ መግቢያ ሆነ እንጂ አልተጣለም። ወደ ሥራ አመራር የሚያዘነብልም ከአንደኛ ዓመት ከመጀመር ማስተርሱን ይጠይቅ፤ ከሌላ መስክ የመጣን የሚቀበል አይጠፋም። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ግን የግድ ነው።

ሕግ እንዲህ አይደለም። ጠበቃ ወይም ዳኛ ልሁን ያለ ሰው ማስተርስ አያድነውም፤ ከሥሩ መጀመር አለበት።

ከሥሩ ለሚጀምር የመጀመሪያው ደጅ የድሮው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ወደ አዲሱ ተቋም መላክ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ዕዳ ያልተከፈለ ከሆነ ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ትራንስክሪፕቱ ሲደርስ እንግሊዝኛና ሒሳብን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች እንዲያዙለት ይጠይቅ። ካልጠየቀ የሚነግረው ላይኖር ይችላል፤ የተያዘለት እያንዳንዱ ኮርስ ደግሞ ከኪሱ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ የሚማር ሰው ክፍያውን ራሱ ነውና የሚችለው። ከጎበሳ አሰላ ለሚመላለስ የመኪናውና የማደሪያው ወጪ ይጨመርበታል፤ ምዝገባ ላይ ይህን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

የግል ኮሌጅ ከሆነ «እውቅና አለን» የሚለው ማስታወቂያ አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ የተፈቀደ አካውንቲንግ አሰላ ላለው ቅርንጫፍ ፈቃድ አይሆንም። ይህን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት ያለ ፈተና የተመረቀ ሰው ለአዲሱ ዲግሪ ይፈተናል። በፊተኛው ዲግሪው የተፈተነም ቢሆን የዕፅዋት ሳይንስ ውጤቱ ለአካውንቲንግ አያገለግለውም።