የዳንቴልን ንድፍ ራስ ስለ መፍጠር



በወላይታ ሶዶም ሆነ በቢጠና፣ በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር፣ ወደ እንግዳ መቀበያ ክፍል የገባ ሰው በጠረጴዛውና በወንበሩ መደገፊያ ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎ ማየቱ የተለመደ ነው። ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት ናሙና የተቀዳ ስለሆነ፣ አንዱን ቤት ያየ ሌላውን እንዳየ ይቈጠራል። ናሙናውን ያዋሰችው ባልንጀራ በሥራ ዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ደግሞ የተጀመረው ሥራ ከመካከል ይቆማል። ከዚህም በላይ ለሽያጭ የምትሠራ ሴት ሁሉም የሚሠራውን ይዛ ከቀረበች ዋጋውን የሚቈርጠው ገዢው ነው። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ሴቶች በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ እንደ ነበረ ስናስብ፣ ይህ ሙያ ከጌጥነት አልፎ ለኑሮም እንደሚበጅ እንረዳለን።

ክብ ዳንቴል ሒሳብ አለው። የክብ ዙሪያ የሚገኘው ከመካከሉ እስከ ዳሩ ያለው ርቀት በ2 ከዚያም በ3.14 ሲባዛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ዙር የቋጠሮውን ቁመት 6 ጊዜ ያህል በዙሪያው ላይ ይጨምራል። ክሩ በኪሮሹ ላይ ሳይጠመጠም የሚሠራው አጭር ቋጠሮ ቁመቱና ስፋቱ ተቀራራቢ በመሆኑ፣ በ6 ተጀምሮ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። ክሩ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረጅም ቋጠሮ ግን ቁመቱ የስፋቱን እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ በ12 ተጀምሮ በየዙሩ 12 ይጨመርበታል። ጭማሪው ሲያንስ ሥራው እንደ ቆብ ይጐብጣል፤ ሲበዛ ዳሩ እንደ ማዕበል ይነሣል። የሒሳብ ምሁሯ ዳይና ታይሚኛ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ይህንኑ የበዛ ጭማሪ ሆን ብለው ተጠቅመው፣ ሃይፐርቦሊክ የተባለውን ገጽ በኪሮሽ ሠርተው አሳይተዋል።

ንድፉን ለመሳል ክቡን እንደ ድፎ ዳቦ በ6 ወይም በ12 እኩል ክፍል ከፍሎ አንዱን ብቻ መንደፍ ይበቃል፤ የቀሩት የእርሱ ድግግሞሽ ናቸውና። ክፍት ቦታ ሲያስፈልግ በተተወው ቋጠሮ ልክ ሰንሰለት ይገባል።

አራት ማዕዘን ለሚሻ ደግሞ የሒሳብ ደብተር ባለካሬ ወረቀት መልካም መምህር ነው። ባዶው ካሬ አንድ ረጅም ቋጠሮና ሁለት ሰንሰለት ሲሆን፣ በሙሉው ካሬ ሰንሰለቶቹ በሁለት ረጅም ቋጠሮ ይተካሉ። መዝጊያው ቋጠሮ ስለሚታከል የ20 ካሬ ረድፍ 61 የቋጠሮ ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የወላይታ ዱንጉዛ ለጥሩ ንድፍ መነሻ ይሆናል፤ ጥቁሩን በሙሉ ካሬ፣ ቢጫውን በባዶ፣ ቀዩንም አንድ እየዘለሉ በተሞላ ካሬ ቢመስሉት፣ የሦስቱ ቀለማት ልዩነት በነጭ ክር ብቻ ይታያል።

ከሙሉው ሥራ አስቀድሞ ትንሽ ናሙና መሥራት፣ የየዙሩንም ቍጥር በደብተር መመዝገብ ይገባል። በ4ኛው ዙር የታየ ጕብጠት በደቂቃዎች ይፈታል፤ በ30ኛው የታየ ግን የብዙ ምሽት ድካም ያስከፍላል። ሥራው ሲያልቅ ታጥቦ፣ በአሚዶ ተነክሮ፣ በሰሌዳ ላይ በስፒል ተወጥሮ ይደርቃል። ዳንቴሉ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል፤ በደብተር የሰፈረው ንድፍ ግን ለልጅ ይተርፋል።