የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ ቤትና የውኃው ሹም

የሮማውያን ጦርነትና ሕግ በብዙ መጻሕፍት የተነገረ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የምንጽፈው ከሥራ በኋላ ስለሚውሉበት ስፍራ ነው። በሮማ ከተማ የዕለቱ ሥራ በማለዳ ይጀመር ነበርና፥ ከቀትር በኋላ ሹሙም ነጋዴውም ድኻውም ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሄድ ነበር። አስቀድመው በሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፥ ይታገላሉ፥ ክብደት ያነሣሉ፤ ከዚያም ዘይት የተቀባ ገላቸውን ቆልመም ባለ ብረት ፍቀው ወደ ሙቁ ክፍል ይገባሉ። ፈላስፋው ሴኔካ ከመታጠቢያ ቤት በላይ ተቀምጦ ሳለ፥ የክብደት አንሺዎቹን ማቃሰትና የቋሊማ ሻጩን ጩኸት ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጾለታል።

ክፍሉ የሚሞቀው በጥበብ ነበር። ወለሉ በአጫጭር የጡብ ዓምዶች ላይ ተነጥፎ፥ ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ አየር በሥሩ ይመላለሳል፤ በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ቱቦም ወደ ላይ ይወጣል። ጌታው ከላይ ሲዝናና፥ ከታች በጢስና በወላፈን መካከል ማገዶ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ባሪያ ነበር።

ዛሬ ፖርቱጋል በምትባለው አገር፥ ቪፓስካ በተባለ የማዕድን መንደር፥ የመታጠቢያ ቤት ደንብ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተገኝቷል። ቤቱን የተኮናተረው ሰው በየቀኑ ከንጋት እስከ ሰባት ሰዓት ለሴቶች፥ ከስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ለወንዶች እንዲያሞቅ ያዝዛል፤ ሮማውያን የቀኑን ሰዓት እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ይቈጥሩ ነበርና። የነሐስ ዕቃዎቹንም በየ30 ቀኑ አጥቦ ትኩስ ሞራ ይቀባቸዋል። ወንድ ግማሽ አስ፥ ሴት ግን አንድ ሙሉ አስ ትከፍላለች፤ ልጆችና ወታደሮች በነጻ ይታጠባሉ። የዋጋውን ነገር እመቤቶች አንባቢዎቻችን ይፍረዱት።

ነገር ግን ውኃ ከሌለ ይህ ሁሉ የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት አፒየስ ክላውዲየስ የመጀመሪያውን የውኃ መስመር ወደ ሮማ አስገባ፤ በኋላም ሌሎች ተጨመሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ97 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ኔርቫ ፍሮንቲኑስን የውኃ ሹም አድርጎ ሾመው። እርሱም መስመሩን በእግሩ እየተከተለ ቢመረምር፥ ቧንቧው በስውር ተበስቶ ውኃው ሲሸጥ፥ ለአንዳንዱም ከተፈቀደለት የሰፋ ቧንቧ ተገጥሞለት አገኘ። የመንግሥቱ ሠራተኞችም በአለቆቻቸው ቸልተኝነትና አድልዎ ለግል ሰዎች ይሠሩ ነበር። ፍሮንቲኑስ ግን የነገውን ሥራ በዋዜማው ያዝዝ፥ በየቀኑም የተሠራውን በመዝገብ ያስጽፍ ጀመር። ያየውንም ሁሉ በመጽሐፍ ጻፈው፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ሹም ከብዙ የጦር አለቃ አብልጠን እናከብረዋለን።

በ216 ዓመት የተመረቀው የካራካላ መታጠቢያ ቤት እንደ ቤተ መንግሥት የሰፋ ነበር። በ537 ዓመት ጎቶች ሮማን ከብበው የውኃውን መስመር ቈረጡት፤ ገንዳዎቹም ደረቁ። ታላላቆቹ ግድግዳዎች ግን ዛሬም በሮማ ቆመው ይታያሉ።