ጋብቻ ቢፈርስም የሕክምና መብት አይፈርስም

«ከባለቤቴ ጋር ተፋትቻለሁ፤ የኩፓት ሆሊሙን ነገር የያዘው እሱ ነበር። ከእንግዲህ ማን ያክመኛል?» ይህ ጥያቄ በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ደጋግሞ የሚሰማ ነው። ጠያቂዋ የስኳር፣ የደም ብዛት ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነች ጉዳዩ የወረቀት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት «ካርዴ አይሠራም» ብላ መድኃኒቷን ለጥቂት ቀናት ብታቋርጥ እንኳ ለከባድ አደጋ ትጋለጣለች።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። በአገር ቤት ትዳር ሲፈርስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከብቱን፣ እህሉንና የቤቱን ዕቃ ያካፍሉ ነበር። ስለዚህ ሕክምናም ከሚካፈለው ንብረት አንዱ ይመስላል። የእስራኤል ሕግ ግን እንዲህ አይልም።

በ1994 የወጣውና ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ እያንዳንዱን የአገሪቱን ነዋሪ በራሱ ስም ዋስትና ይሰጠዋል። ሚስት በባሏ በኩል አትታከምም፤ በራሷ የመታወቂያ ቁጥር የተመዘገበች አባል ናት። ከአራቱ ኩፖት ሆሊም፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመኡሔዴትና ከለኡሚት፣ አንዳቸውም ሰው ታሟል ወይም አርጅቷል ብለው አባልነት ሊከለክሉ አይችሉም። በሕጉ የተወሰነው «ሳል ብሪዩት»፣ ማለትም የመሠረታዊ አገልግሎቶችና መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ከፍቺ በፊትም ሆነ በኋላ ያው ነው።

ታዲያ በፍቺ የሚለወጠው ምንድን ነው? አንደኛው ለቢቱዋሕ ለኡሚ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ከቤት ውጭ የማትሠራ ባለትዳር ሴት «ዓቄሬት ባይት» ተብላ ከክፍያው ነፃ ናት። በሕግ ከተፋታች ግን ይህ ነፃነት ይቀራል፤ ሥራ ባይኖራትም እንኳ ዝቅተኛውን ክፍያ እንድትከፍል ትጠየቃለች። የክፍያ ደብዳቤው ወደ ቀድሞው ቤት እየሄደ እሷ ሳታውቀው ዕዳው ሊከማች ይችላል። በሽማግሌ ብቻ ተለያይተው በራባኑት ገና ያልተፋቱ ሰዎች በሕግ ፊት አሁንም ባልና ሚስት መሆናቸውንም ማወቅ ያሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ለቢቱዋሕ ለኡሚ ዕዳ ቢኖርብዎትም ኩፓት ሆሊም በሳል ብሪዩት ውስጥ ያለውን ሕክምና ሊከለክልዎ አይችልም። ዕዳው ግን በራሱ አይጠፋም፤ ከድጎማ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ ቢቱዋሕ ለኡሚ ሄዶ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለመክፈል መስማማት ይሻላል። ገቢዋ አነስተኛ የሆነ ሴት «ሀቭታሐት ሀኽናሳ» ለመጠየቅ አትዘግይ። ይህን ድጎማ የሚያገኝ ሰው የጤናው ክፍያ ከድጎማው ላይ ይቆረጥለታል፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ከጉብኝት ክፍያ ነፃ ነው።

ሁለተኛው «ቢቱዋሕ ማሽሊም» ነው። ይህ ተጨማሪ ዋስትና በገዛ ፈቃድ የሚገባ ሲሆን ክፍያው ብዙ ጊዜ ከባል የባንክ ሒሳብ ይቆረጣል። ባል ክፍያውን ካቆመ ዋስትናው ሊሰረዝ ይችላል። ኩፓት ሆሊም ሕመምተኛ ነሽ ብሎ እንደገና ከመግባት አይከለክልም፤ ለአንዳንድ አገልግሎት ግን የጥበቃ ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ሳይቋረጥ ክፍያውን ወደ ራስ ሒሳብ ማዛወር ይበጃል። በባል መሥሪያ ቤት በኩል የተገባ የግል ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ ጌት ከመሰጠቱ በፊት፣ ያለ አዲስ የጤና ምርመራና ጥያቄ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ኩባንያውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው የግል ኢንሹራንሱ አንዴ ካመለጠው መልሶ ማግኘት ያዳግተዋል።

ሦስተኛው የክፍያ ጣሪያ ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ለመድኃኒት የሚከፍለው ገንዘብ ወሰን አለው። ለሐኪም ጉብኝት በየሦስት ወሩ የሚከፈለውም እንዲሁ በቤተሰብ ይታሰባል። ከፍቺ በኋላ የቤተሰቡ መዝገብ ካልተለየ ሒሳቡ ይዛባል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል የሚደረገው ይህ ነው። በመጀመሪያ በሚስራድ ሀፕኒም የጋብቻ ሁኔታንና አድራሻን ማስለወጥ፤ ቀጥሎ ፍቺውን ለቢቱዋሕ ለኡሚ ማስታወቅ፤ ከዚያም መታወቂያ ይዞ ወደ ኩፓት ሆሊም በመሄድ መዝገቡን፣ የባንክ ሒሳቡንና የሕመምተኛ ጣሪያውን ማስተካከል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መድኃኒት መውሰድ አይቋረጥ።

ልጆችን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አይገባም። የእናትና የአባት ፍቺ፣ የእናትም ሕመም ለልጅ ጫንቃ የሚከብድ ሸክም ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2013 ጀምሮ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ማመቻቸት አለባቸው። «በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ልመና ሳይሆን መብት ነው።