ተጨማሪ መረጃ፦ ታጥፎ የሚቀር ጣት

ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ከጣቱ ሥር፣ መዳፍ ላይ፣ በጠባብ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ቀለበቱ ሲወፍር ጣት ታጥፎ ይቀራል፤ ሲዘረጋም ቀጭ ይላል። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ኖታ ሕመሙን የገለጸው በ1850 እ.ኤ.አ. ነው። መሪ ጨብጦ የሚውል ሾፌር በሥራው ያሳብብ ይሆናል፤ የሥራ ድርሻ ግን እስካሁን ያከራክራል። የስኳር ሕመም ድርሻ የበለጠ ግልጽ ነው።

መጀመሪያ የሚሞከረው ብዙ ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ ነው (የስኳር ሕመምተኛ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ከፍ ሊልበት ይችላል)። ካልረዳ ቀለበቱ ይቆረጣል። አንዱ የመቁረጫ ዘዴ በአልትራሳውንድ የሚመራ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ፣ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ክፍተት ቀጭን መሣሪያ ያስገባል፤ ጅማቱን፣ ነርቩንና የደም ሥሩን በስክሪን እያየ ቀለበቱን ብቻ ይከፍላል። ስፌት አያስፈልግም። በተለይ ነርቮቹ ቅርብ በሆኑበት አውራ ጣት ላይ ምስሉ እጅግ ይጠቅማል። ቀለበቱ በሚገባ መከፈሉን ለማረጋገጥ ታካሚው እዚያው ጣቱን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ይጠየቃል።