የቃል ትርጉም በተግባር ሲፈተን

አንድ መንገደኛ በሰቆጣ ገበያ «ሰሃላ ሩቅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። አህያ ጭኖ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው «ሩቅ ነው» ማለት ስንቅ ያዝ፣ በማለዳ ተነሣ፣ ማደሪያ አስብ ማለት ነው። ቃሉን ተረዳ የምንለው ይህን ሲያውቅ ነው።

ይህን ሐሳብ በፍልስፍና መልክ ያቀረበው በፔንዱለም የመሬትን ስበት ይለካ የነበረው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ፐርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ነገር «ጠንካራ ነው» ስንል በብዙ ሌሎች ነገሮች አይጫርም ማለታችን እንደሆነ አስረዳ። ለእርሱ ከሚፈተነው ውጤት ባሻገር የተሰወረ ፍቺ የለም።

የሐሳቡ ሥር ግን በጀርመን ፍልስፍና ውስጥ ነው። ፐርስ በወጣትነቱ ካንትን በጥልቀት አጥንቷል፤ «ፕራግማቲዝም» የሚለውንም ስያሜ ያገኘው ከካንት አነጋገር ነው። ለካንት ፅንሰ ሐሳብ በአእምሮ የተሣለ ሥዕል ሳይሆን ተሞክሮን የምናደራጅበት ደንብ ነው። ሄግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ» ሰው ራሱን የሚያውቀው ከሌሎች ጋር በመተዋወቅ እንደሆነ አሳየ። አሜሪካዊው ሮበርት ብራንደም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ውርስ ይዞ፣ መናገር ማለት ከተናገሩት ለሚከተለው ሁሉ ተጠያቂ መሆን ነው አለ።

ታዲያ ይህ ለሳይንስ ተማሪ ምን ይፈይዳል? የእፍግታን ቀመር በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ዘይት ውሃ ላይ ቢፈስ ምን እንደሚሆን መናገር ካልቻለ የያዘው ድምፁን እንጂ ፅንሰ ሐሳቡን አይደለም። እኛ መምህራንም በፈተና ብያኔን ብቻ ስንጠይቅ ለዚሁ ጉድለት ተባባሪዎች እንሆናለን። ስለዚህ አዲስ ቃል ባጋጠመን ቁጥር «ይህ እውነት ቢሆን ምን ይከተላል?» ብለን እንጠይቅ።